ዳታ በሞባይል አፕ፦ ማስቀመጥ፣ ማሳየትና ማስገባት ደረጃ በደረጃ

አፕ መሥራት የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከስክሪኑ ነው። በተን ያስቀምጣል፣ ቀለም ይመርጣል፣ ቅጹን ያሰማምራል። «አስቀምጥ» የሚለው በተን ሲነካ ዳታው የት እንደሚገባ የሚያስበው መጨረሻ ላይ ነው። እኔም የመጀመሪያ አፔን የሠራሁት እንዲሁ ነበር። መዝገቡን ሁሉ ወደ አንድ ረጅም ጽሑፍ ቀየርኩና ለቅንብሮች ተብሎ በተሠራው ትንሽ ማስቀመጫ ውስጥ ከተትኩት። ሃያ መዝገብ እያለ ይበር ነበር። ጥቂት መቶ ሲሆን አንዲት ፊደል ለማረም ጽሑፉ በሙሉ መነበብ፣ መፈታትና እንደገና መጻፍ ስላለበት ስልኩ ማቃሰት ጀመረ። ጭራሽ በአንዱ ስሪት ላይ የአንድ ፊልድ ስም ቀየርኩና አፑ የድሮውን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። ተጠቃሚዎቹ ሲከፍቱት ባዶ ስክሪን ጠበቃቸው።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሌን ገለበጥኩት፦ መጀመሪያ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎ ማሳየት፣ ማስገባት መጨረሻ። ይህ መመሪያም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው። ለምሳሌ የምንይዘው ያዋስናቸውን መጻሕፍት የሚመዘግብ ትንሽ አፕ ነው፦ የትኛው መጽሐፍ፣ ለማን፣ መቼ ተሰጠ፣ ተመለሰ ወይስ ገና ነው። በአንድሮይድ በኮትሊን፣ በአይፎን በስዊፍት ወይም ለሁለቱም በፍላተር ብትሠሩት ሐሳቡ ያው ነው። የሚለያዩበት ቦታ ላይ ስንደርስ እጠቅሰዋለሁ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ወረቀት

ባዶ ወረቀት ላይ አሥር የውሰት መዝገብ በእጃችሁ ጻፉ። የዓምድ ስም ብቻ አይበቃም፤ እውነተኛ የሚመስል መዝገብ ይሁን። የዓምድ ስም ብቻ የደረደረ ሰው ችግሩ አይታየውም፤ መዝገቡን የጻፈው ግን አራተኛው ላይ ሲደርስ መጠየቅ ይጀምራል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሦስት መጽሐፍ ቢወስድስ? ስማቸው የተመሳሰለ ሁለት ሰዎች ቢኖሩስ? መጽሐፉ ሲመለስ መዝገቡ ይሰረዝ ወይስ ለታሪክ ይቆይ? ያው መጽሐፍ በሌላ ጊዜ ለሌላ ሰው ሲሰጥስ?

ከዚያ የጻፋችሁትን በሦስት ክፈሉት። አንደኛው ራሱ መረጃው ነው፦ የመጽሐፉ ርዕስ፣ የተዋሹ (መጽሐፉን የወሰደው ሰው) ስም፣ የተሰጠበት ቀን። ሁለተኛው ከመረጃው የሚሰላው ነው፤ «ቀነ ገደቡ ካለፈ 4 ቀን ሆኖታል» የሚለው ዓይነት። ዛሬ 4 ብላችሁ ብታስቀምጡት ነገ ውሸት ይሆናል፤ ስለዚህ አይቀመጥም፣ በሚታይበት ሰዓት ይሰላል። ሦስተኛው የስክሪኑ የራሱ ጉዳይ ነው፦ ዝርዝሩ የት ድረስ ወርዶ እንደነበር፣ የትኛው ማጣሪያ እንደተመረጠ። ይህ ከመዝገቡ ጋር አይቀላቀልም። ከዚህ ቀጥሎ የምታዩአቸው ስህተቶች ግማሽ ያህሉ ከእነዚህ ከሦስቱ መደባለቅ የሚመጡ ናቸው።

ደረጃ 2፦ የት ይቀመጥ?

በስልክ ላይ ያሉት አማራጮች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱም የተሠራለት ሥራ አለው።

ለቅንብሮች፣ ማለትም ለቋንቋ ምርጫ፣ ለጨለማ ገጽታና ለመሳሰሉት፣ ስምና ዋጋ ብቻ የሚይዙ ማስቀመጫዎች አሉ። በአንድሮይድ ሼርድ ፕሪፈረንስስ፣ እሱን ለመተካት የመጣው ዳታስቶር፣ በአይፎን ደግሞ ዩዘር ዲፎልትስ። የእኔ የመጀመሪያ አፕ የሞተው እዚህ ውስጥ ነው። ዝርዝር የሚሆን ነገር እዚህ አታስገቡ።

ፎቶ፣ ድምፅና ትልልቅ ሰነድ በፋይልነታቸው ይቀመጡ፤ ዳታቤዙ የሚይዘው የፋይሉን ስም ብቻ ይሁን። ሙሉ አድራሻውን ሳይሆን ስሙን ያልኩት በምክንያት ነው፦ በአይፎን አፑ ሲታደስ የሚቀመጥበት ማኅደር አድራሻ ሊለወጥ ይችላል። ሙሉ አድራሻ የመዘገበ አፕ ከዕድሳት በኋላ ፎቶዎቹ በሙሉ «ይጠፉበታል»፤ ፋይሎቹ ግን እዚያው ተቀምጠዋል። የይለፍ ቃልና የመግቢያ ቶክን ደግሞ በአይፎን ኪይቼይን ውስጥ ይግቡ፤ በአንድሮይድ በኪስቶር ቁልፍ ተመስጥረው ይቀመጡ።

ለቀረው ሁሉ፣ ማለትም ለእውነተኛው መዝገብ፣ ኤስኪውኤላይት። ሪቻርድ ሂፕ የሚባል ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ይህ ዳታቤዝ ሰርቨር የለውም፣ የተጠቃሚ ስምና ይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ዳታቤዙ በሙሉ አንድ ፋይል ነው። ኮዱ የማንም ንብረት እንዳይሆን ለሕዝብ ተለቋል። አንድሮይድም አይፎንም አብሯቸው ተሠርቶ ይመጣል። በላዩ የሚደረቡ መሣሪያዎች አሉ፦ በአንድሮይድ ሩም፣ በአይፎን ኮር ዳታና በ2023 የመጣው ስዊፍትዳታ፣ በፍላተር ስኪውኤፍላይት እና ድሪፍት። ከእነዚህ አንዱን ምረጡ፤ ከሥር ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው ኤስኪውኤላይት መሆኑን አትርሱ፤ ነገር ሲበላሽ የምትመለሱት ወደ እሱ ነው።

ሰርቨርስ? ዳታው በብዙ ስልኮች መካከል የሚጋራ ከሆነ ያስፈልጋል። ቢሆንም ስልኩ የራሱን ቅጂ ይያዝ። ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ባዶ የሚሆን አፕ ማንም አይወድም።

ደረጃ 3፦ ሠንጠረዦቹን መንደፍ

አዲስ ሰው የሚያደርገው አንድ ሰፊ ሠንጠረዥ መሥራት ነው፦ ርዕስ፣ ደራሲ፣ የተዋሹ ስም፣ ስልኩ፣ ቀኑ። ያ ሰው ስልክ ቁጥር ሲቀይር ታዲያ በስንት ረድፍ ላይ ልታርሙ ነው? በሠንጠረዥ የሚሠሩ ዳታቤዞችን ሐሳብ ያመነጨው ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ካነሣቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ አንድ እውነት በአንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ሌላው ይጥቀሰው። ለእኛ ሦስት ሠንጠረዥ ይበቃናል። «መጽሐፍ» መለያ፣ ርዕስና ደራሲ ይይዛል። «ተዋሽ» መለያ፣ ስምና ስልክ ይይዛል። «ውሰት» ሁለቱን ያገናኛል፦ የመጽሐፉ መለያ፣ የተዋሹ መለያ፣ የተሰጠበት ቀን፣ የሚመለስበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን።

የመጨረሻውን ዓምድ ልብ በሉት። «ተመልሷል፦ አዎ ወይም አይ» የሚል ዓምድ አላስገባሁም። የተመለሰበት ቀን ባዶ ከሆነ መጽሐፉ ገና ውጭ ነው፤ ከተሞላ ተመልሷል፣ መቼ እንደተመለሰም ታወቀ። ሁለቱንም ዓምድ ብታስገቡ አንድ ቀን «አልተመለሰም» የሚልና የተመለሰበት ቀን ያለው ረድፍ ታገኛላችሁ።

አሁን የዓምዶቹ ዓይነት። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በኋላ ለማስተካከል ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው።

ስልክ ቁጥር ቁጥር አይደለም፤ አትደምሩትም፣ አታባዙትም። በቁጥር ዓይነት ካስቀመጣችሁት ከፊት ያለው ዜሮ ይበላል፣ የመደመር ምልክቱም ይጠፋል። ጽሑፍ ይሁን።

ገንዘብ የሚመዘግብ አፕ ከሆነ ነጥብ ባለው ቁጥር አታስቀምጡ። ኮምፒውተሩ 0.1 እና 0.2 ሲደምር የሚያገኘው 0.30000000000000004 ነው፤ ምክንያቱም 0.1ን በሁለትዮሽ በትክክል መጻፍ አይቻልም። በትንሹ የገንዘብ መለኪያ ቆጥራችሁ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ፣ ነጥቡን ስታሳዩ ጨምሩት።

ቀን ሁለት ዓይነት ነው፤ ይህን ያለየ ብዙ ሰው ይቸገራል። «መዝገቡ የተጻፈበት ቅጽበት» በዓለም ሁሉ አንድ ነው። እሱን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በተቆጠረ ሚሊሰከንድ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት አስቀምጡ። ዓምዱ 64 ቢት ይሁን፤ ሰከንድን አሉታዊም በሚይዝ 32 ቢት ቁጥር የሚቆጥር ሁሉ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ይሞላበታል። «መጽሐፉ የሚመለስበት ቀን» ግን ቅጽበት አይደለም፤ የካሌንደር ቀን ነው፣ ሰዓት የለውም። እሱን 2026-03-14 በሚል ቅርጽ በጽሑፍ አስቀምጡት። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብሎ ስለሚሄድ በፊደል ተራ ሲደረደር በቀን ተራም ተደረደረ ማለት ነው። ይህንኑ በሚሊሰከንድ ብታስቀምጡት ተጠቃሚው ወደ ሌላ የሰዓት ክልል ሲሄድ ቀነ ገደቡ በአንድ ቀን ሊንሸራተት ይችላል።

መለያውን በተመለከተ፣ ዳታው ከአንድ ስልክ የማይወጣ ከሆነ ዳታቤዙ ራሱ የሚሰጠው ተራ ቁጥር ይበቃል። ወደፊት ከሰርቨር ጋር ሊመሳሰል ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን ከመጀመሪያው 128 ቢት የሆነውን ዩዩአይዲ (በሌላ ስልክ ይደገማል ተብሎ የማይሠጋ መለያ) ተጠቀሙ፤ ሁለት ስልኮች ኢንተርኔት ሳይኖራቸው ሁለቱም 57 ቁጥር መዝገብ ቢፈጥሩ የቱ እውነተኛ ሊሆን ነው?

ኤስኪውኤላይት ሁለት ባሕርያት አሉት፤ አስቀድማችሁ ካላወቃችኋቸው ያስቸግራሉ። አንደኛ፣ ዓይነት ላይ ጠበቅ አይልም፤ የቁጥር ዓምድ ውስጥ «አሥር» የሚል ጽሑፍ ብታስገቡ ዝም ብሎ ይቀበላል። በ2021 ጥብቅ ሠንጠረዥ የሚባል አማራጭ መጥቷል፤ የቆዩ ስልኮች ላይ ያለው ስሪት ግን አያውቀውም፤ ስለዚህ ቁጥጥሩን በኮዳችሁም ያዙ። ሁለተኛ፣ «ውሰት» ውስጥ ያለው የተዋሽ መለያ በእርግጥ «ተዋሽ» ውስጥ መኖሩን የሚያረጋግጠው የውጭ ቁልፍ ቁጥጥር፣ ሳታበሩት በነባሪ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። በእያንዳንዱ ግንኙነት መክፈቻ ላይ «ፎሪን ኪይስ» የሚለው ፕራግማ (የዳታቤዙ ቅንብር ትእዛዝ) መብራት አለበት። ሩም ራሱ ያበራዋል፤ በእጃችሁ የምትከፍቱት ከሆነ ግን የእናንተ ኃላፊነት ነው።

ደረጃ 4፦ አንድ በር ብቻ

ሠንጠረዦቹ ከተፈጠሩ በኋላ ስክሪኖቹ በቀጥታ እንዲነኳቸው አትፍቀዱ። መካከል ላይ አንድ ክላስ አስቀምጡ፤ ብዙዎች ሪፖዚተሪ ይሉታል። ስክሪኑ የሚያውቀው «ያልተመለሱትን ስጠኝ»፣ «ይህን ውሰት መዝግብ»፣ «ይህ ተመልሷል» የሚሉትን ትእዛዞች ብቻ ይሁን። ለትንሽ አፕ ይህ ትርፍ ሥራ ይመስላል። አይደለም፤ ነገ ሰርቨር ብትጨምሩ የምትነኩት ይህን አንድ ክላስ ብቻ ነው።

ከዚህ በር በስተጀርባ ሦስት ሕጎች አሉ።

የመጀመሪያው፦ ዳታቤዝ በዋናው ትሬድ (ስክሪኑን በሚስለው የሥራ መስመር) ላይ አይነበብም፣ አይጻፍም። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን እያንዳንዱን ፍሬም ለመሳል ያለው ጊዜ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ 120 ጊዜ በሚታደስ ላይ ወደ 8 ይወርዳል። ዋናው ትሬድ ፋይል እስኪነበብ ከቆመ ስክሪኑ ይንተፋተፋል። አንድሮይድ ላይ ለተጠቃሚው ንክኪ 5 ሰከንድ ሙሉ መልስ ካልተሰጠ «አፑ ምላሽ አይሰጥም» የሚለው ሳጥን ይመጣል። ሩም በዋናው ትሬድ ላይ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ስታስነሡ በነባሪ ስህተት የሚጥለው ለዚህ ነው። ያንን ክልከላ የሚያነሣ አማራጭ አለው፤ አትንኩት።

ሁለተኛው፦ አብረው መጻፍ ያለባቸው መዝገቦች በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ይግቡ። አንድ ሰው ሦስት መጽሐፍ ሲወስድ ሦስቱም ይመዝገቡ ወይም አንዱም አይመዝገብ፤ ሁለተኛው ላይ ባትሪ ቢያልቅ ግማሽ መዝገብ መቅረት የለበትም። ለፍጥነትም ይረዳል። ኤስኪውኤላይትን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው እንደሚገልጹት፣ በተራ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ በሰከንድ 50,000 እና ከዚያ በላይ ረድፍ ማስገባት ሲቻል፣ ትራንዛክሽን ግን በሰከንድ ጥቂት ደርዘን ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ትራንዛክሽን ዳታው ዲስኩ ላይ በእርግጥ እስኪሰፍር ስለሚጠብቅ። የስልክ ማኅደረ ትውስታ ከዚያ ዲስክ ይለያል፣ ግንኙነቱ ግን ያው ነው። አንድ ሺህ ረድፍ በሉፕ ስታስገቡ ሉፑን በሙሉ በአንድ ትራንዛክሽን ክበቡት፤ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ሦስተኛው፦ ተጠቃሚው የጻፈውን ጽሑፍ ከኩዌሪው ጋር በመደመር ምልክት አታጣብቁ። በቦታው የጥያቄ ምልክት ይግባ፣ እሴቱ ለብቻው ይላክ። ይህ ሲነሣ ሁሉም የሚያስበው ስለ ጠላፊ ነው፤ በሞባይል አፕ ላይ ግን ቀድሞ የሚያጋጥማችሁ ርዕሱ ውስጥ ነጠላ ጥቅስ ያለበት መጽሐፍ ነው። ያ አንድ ምልክት ኩዌሪውን ይሰብረዋል።

ደረጃ 5፦ ማሳየት

አዲስ ውሰት ከተመዘገበ በኋላ ዝርዝሩ እንዴት ይታደሳል? ቀላል የሚመስለው መንገድ ስክሪኑ ራሱ የያዘው ዝርዝር ላይ አንድ መጨመር ነው። ይህን አታድርጉ። ያኔ አንዱ ዳታቤዙ ውስጥ፣ አንዱ ስክሪኑ ላይ ሁለት እውነት ይኖራችኋል፤ ውሎ አድሮ መጣላታቸው አይቀርም። ይልቅ ስክሪኑ ዳታቤዙን «ይከታተል»፦ ሠንጠረዡ ሲለወጥ ኩዌሪው ራሱ እንደገና ይሮጣል፣ ስክሪኑም አዲሱን ይቀበላል። በሩም ኩዌሪው ፍሎው (ለውጥ በመጣ ቁጥር አዲሱን ውጤት የሚያደርስ ፍሰት) እንዲመልስ ታደርጋላችሁ፤ በስዊፍትዳታ «ኩዌሪ» የሚለው ምልክት ይሠራዋል፤ በድሪፍት ስትሪም ይመጣል። ቅጹ ወደ ዳታቤዝ ይጽፋል፣ ዝርዝሩ ከዳታቤዝ ያነባል፣ ሁለቱ በቀጥታ አይነጋገሩም።

ዝርዝሩን ለመሳል የሚታየውን ያህል ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ተጠቀሙ። ስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ አሥር ረድፍ ቢታይ አምስት ሺህ ረድፍ መፍጠር ምን ይጠቅማል? በአንድሮይድ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሪሳይክለርቪው፣ በኮምፖዝ ሌዚኮለም፣ በአይፎን ቴብልቪው ወይም የስዊፍትዩአይ ሊስት፣ በፍላተር ሊስትቪው ቢልደር ይህን ይሠራሉ። ለእያንዳንዱ ረድፍ ቋሚ ቁልፍ ስጡት፤ ቁልፉም የመዝገቡ መለያ ይሁን። በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ተራ ቁጥር እንደ ቁልፍ ከተጠቀማችሁ አንድ ረድፍ ሲሰረዝ ከሱ በታች ያሉት ሁሉ ይቀያየራሉ፤ የአንዱ ምልክት በሌላው ላይ ይታያል።

ከዳታቤዙም የሚታየውን ዓምድ ብቻ ጠይቁ። ዝርዝሩ ርዕስ፣ የተዋሽ ስምና ቀን ከሆነ የሚያሳየው፣ ሦስቱን ሠንጠረዥ በአንድ ኩዌሪ አገናኝታችሁ እነዚያን ሦስት ዓምዶች አምጡ። የውሰቶቹን ዝርዝር አምጥቶ ለእያንዳንዱ ረድፍ «ተዋሹ ማነው?» ብሎ ደግሞ መጠየቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ መቶ ረድፍ ላይ አንድ መቶ አንድ ኩዌሪ ይሆናል። ፎቶ ዳታቤዝ ውስጥ አይግባ ያልኩበትም ምክንያት እዚህ ይመጣል፦ አንድሮይድ የኩዌሪ ውጤት የሚያሳልፍበት መስኮት 2 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ አንድ ረድፍ ካለ አፑ ይወድቃል። በስልክ ካሜራ የተነሣ አንድ ፎቶ ያንን በቀላሉ ያልፋል።

ዝርዝሩ በሺዎች ከሆነ በገጽ ከፋፍላችሁ አምጡ። «ከ2,000ኛው በኋላ 50 ስጠኝ» ስትሉት ግን ዳታቤዙ 2,000ውን ቆጥሮ ይዘላል፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ይዘገያል። «ከዚህ ቀን በፊት ያሉትን 50 ስጠኝ» በሉት፤ ቀኑ ላይ ኢንዴክስ (ረድፍን በፍጥነት ለማግኘት የሚሠራ ማውጫ) ካለ በቀጥታ ቦታው ላይ ይደርሳል። ቀናቸው አንድ የሆኑ ረድፎች ስላሉ መለያውንም አብራችሁ አነጻጽሩ፤ አለበለዚያ በገጾቹ ድንበር ላይ አንዳንድ ረድፍ ይዘለላል።

እያንዳንዱ የዝርዝር ስክሪን አራት መልክ አለው፦ እየጫነ፣ ባዶ፣ ስህተት፣ ሙሉ። ሁላችንም የምንሠራው ሙሉውን ነው። ባዶው ግን አዲስ ተጠቃሚ መጀመሪያ የሚያየው ነው፤ «እስካሁን ያዋሱት መጽሐፍ የለም» ብሎ የመጨመሪያውን በተን የሚያሳይ ይሁን። ፍለጋ አድርጎ ምንም ያላገኘ ሰው ደግሞ ሌላ ባዶ ያስፈልገዋል፤ እሱን «እስካሁን ያዋሱት የለም» ብትሉት መዝገቤ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል።

ደረጃ 6፦ ማስገባት

ሰው አፕ የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ ቅጹ ላይ ነው። በሁለት አውራ ጣት፣ እየተራመደ፣ በፀሐይ ብርሃን እያየ ይሞላዋል ብላችሁ አስቡ።

መጀመሪያ ፊልድ ቀንሱ። የተሰጠበት ቀን ዛሬ ተብሎ ተሞልቶ ይምጣ። ተዋሹ ከዚህ በፊት የተመዘገበ ከሆነ ሁለት ፊደል ሲጻፍ ስሙ ከሥር ይምጣለት፤ ይህ ድካም ከመቀነሱ በላይ አንድ ሰው በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሦስት ሰው ሆኖ እንዳይመዘገብ ያደርጋል። ደራሲው ግዴታ ነው? ካልሆነ አታስገድዱ።

ለእያንዳንዱ ፊልድ ተገቢውን ኪቦርድ አውጡ፦ ለስልክ የስልክ፣ ለኢሜይል የኢሜይል፣ ለብዛት የቁጥር። የኪቦርዱ የቀኝ ታች ቁልፍ «ቀጣይ» ብሎ ወደሚቀጥለው ፊልድ ይውሰድ፣ የመጨረሻው ላይ «ጨርስ» ይሁን። ኪቦርዱ ሲወጣ የሚጻፍበትን ፊልድ እንዳይሸፍን አረጋግጡ። የሚነካው ነገር በአንድሮይድ ከ48 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ)፣ በአይፎን ከ44 ነጥብ አይነስ፤ ጉግልና አፕል በየመመሪያቸው የሚመክሩት መጠን ነው። የፊልዱ ስም ከላይ ይቀመጥ፤ ፊልዱ ውስጥ በግራጫ የተጻፈ ስም መጻፍ ሲጀመር ስለሚጠፋ ሰውየው ምን እየሞላ እንደነበር ይረሳል።

ማረም መቼ ይሁን? ሰውየው መጻፍ እንደጀመረ «ትክክል አይደለም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ማውጣት ያላለቀ ንግግርን እንደማቋረጥ ነው። ፊልዱን ጨርሶ ሲወጣ አርሙ፤ ስህተቱን ማስተካከል ሲጀምር ግን ቀዩ ወዲያውኑ ይጥፋለት። መልእክቱ ከፊልዱ ሥር ይቀመጥ፣ ምን መደረግ እንዳለበትም ይንገር፦ «የተሳሳተ ግብዓት» ሳይሆን «የሚመለስበት ቀን ከተሰጠበት ቀን በኋላ መሆን አለበት»። ከፊትና ከኋላ ያለ ባዶ ቦታን ራሳችሁ ቁረጡ፤ ከሌላ ቦታ ገልብጦ ለለጠፈ ሰው «ባዶ ቦታ አይፈቀድም» ማለት ሥራችሁን በእሱ ላይ መጫን ነው። «አስቀምጥ» የሚለውን በተን ሁሉም እስኪሞላ ድረስ አደብዝዞ መዝጋትን እኔ አልወደውም። ክፍት ይሁን፤ ሲነካ ወደጎደለው ፊልድ ይውሰድ። የደበዘዘ በተን ለምን እንደደበዘዘ አይናገርም።

ስልክ ላይ በተን ሁለት ጊዜ ይነካል፤ ይህን እንደ ተራ ነገር ውሰዱት። የመጀመሪያው ንክኪ በተኑን ይዝጋ፣ ወደ ዳታቤዙ መጻፉ ሲያልቅ ይከፈት። ከዚህም በላይ ዳታቤዙ ራሱ ይጠብቅ፦ የተመለሰበት ቀን ባዶ በሆኑ ውሰቶች መካከል አንድ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ እንዳይገኝ የሚከለክል ልዩ ኢንዴክስ አስቀምጡ። ኤስኪውኤላይት በሁኔታ የተወሰነ ኢንዴክስ ይፈቅዳል። የቅጹ ማጣሪያ ለተጠቃሚው ትሕትና ነው፤ ዳታውን የሚጠብቀው የሠንጠረዡ ሕግ ነው።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚረሳው። ተጠቃሚው ግማሹን ሞልቶ ስልክ ተደወለለት፤ አሥር ደቂቃ አወራ። ሲስተሙ ማኅደረ ትውስታ ስላጠረው አፓችሁን ከጀርባ ገደለው። ሲመለስ ቅጹ ባዶ ነው። በአንድሮይድ ቪውሞዴል (የስክሪኑን ዳታ የሚይዘው ክፍል) ስልኩ ሲዞር ይተርፋል፣ አፑ ሲገደል ግን አይተርፍም። ለአጭር ቅጽ ሲስተሙ የሚያቀርበውን የሁኔታ ማቆያ ተጠቀሙ፤ እዚያ የሚገባው ግን ትንሽ ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ፎቶና ረጅም ዝርዝር አይችልም። ለረጅም ቅጽ «ረቂቅ» የሚል ሠንጠረዥ ሠርታችሁ ሰውየው መጻፍ ባቆመ ቁጥር ጻፉበት፤ ሲያስቀምጥ ረቂቁ ይሰረዝ።

መሰረዝም ማስገባት ነው ማለት ይቻላል። «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ሳጥን ሰው ሳያነብ ነው የሚያልፈው። ይልቅ ወዲያው ሰርዙና ከታች ለጥቂት ሰከንድ «መልስ» የሚል በተን አሳዩ። ይህ እንዲሠራ ረድፉ ወዲያው ከሠንጠረዡ አይጠፋም፤ «የተሰረዘበት ቅጽበት» የሚል ዓምድ ይሞላል፣ ኩዌሪዎቹም እሱ ባዶ የሆነውን ብቻ ያሳያሉ።

ደረጃ 7፦ ፍለጋ፣ በተለይ በፊደላችን

በአማርኛ የሚጻፍ ዳታ የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል። ለዳታቤዙ እነዚህ ፈጽሞ የማይገናኙ ጽሑፎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ፊደል በዩኒኮድ የራሱ ቁጥር አለው። መፍትሔው የተጻፈውን እንዳለ ትቶ አጠገቡ «የፍለጋ ቅጂ» የሚል ዓምድ መጨመር ነው። ወደዚያ ከመግባቱ በፊት ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘራቸው ይቀየራሉ። ሃ እና ኣንም ወደ ግዕዛቸው መልሱ፣ ድምፃቸው አንድ ነውና። ተጠቃሚው የጻፈው የፍለጋ ቃልም በዚያው ማጣሪያ ያልፋል። ለዕይታ ግን ሁልጊዜ ዋናውን አሳዩ፤ የሰው ስም አጻጻፍ የባለቤቱ ነው።

በቃሉ መጀመሪያ ለሚፈለግ ነገር ተራ ኢንዴክስ ሊረዳ ይችላል፤ በመካከል ለሚገኝ ግን ዳታቤዙ ረድፎቹን አንድ በአንድ ያያል። ለጥቂት ሺህ ረድፍ ይህ ምንም አይደለም። ከዚያ ሲያልፍ ኤስኪውኤላይት ውስጥ ያለውን የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ ተጠቀሙ። በየፊደሉ ኩዌሪ አታስነሡ፤ ጣቱ 300 ሚሊሰከንድ ያህል እስኪያርፍ ጠብቁ።

ደረጃ 8፦ ሠንጠረዡ ሲለወጥ

አፑ ከወጣ በኋላ «ማስታወሻ» የሚል ዓምድ መጨመር ፈለጋችሁ እንበል። የእናንተ ስልክ ላይ አፑን አጥፍታችሁ እንደገና ብትጭኑት ይሠራል፤ የተጠቃሚው ስልክ ላይ ግን የድሮው ፋይል ከነመዝገቡ ተቀምጧል። ዳታቤዙ የስሪት ቁጥር ይያዝ፤ ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 3 የሚያሻግር ማይግሬሽን ለእያንዳንዱ ለብቻው ጻፉ። ለስድስት ወር ያላደሰ ሰው ከ1 ተነሥቶ ሁሉንም በተራ ያልፋል። አንዴ ለሕዝብ የወጣ ማይግሬሽን አይታረምም፤ ስህተት ካለበት አዲስ ተከታይ ይጻፋል። ሩም ማይግሬሽን ሲያጣ ሠንጠረዦቹን ደምስሶ ከባዶ እንዲጀምር የሚፈቅድ አማራጭ አለው፤ ስትሞክሩ ይመቻል፣ ለሕዝብ በሚወጣ ስሪት ውስጥ ከተረሳ ግን የሰው መዝገብ ይበላል። የእያንዳንዱን ስሪት የዳታቤዝ ፋይል ለናሙና አስቀምጡ፤ አዲሱ ስሪት ሁሉንም መክፈት መቻሉን ሳታዩ አታውጡ።

ደረጃ 9፦ ምትክ ቅጂ

ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። ተጠቃሚው መዝገቡን ወደ ፋይል አውጥቶ በሌላ ስልክ ማስገባት የሚችልበት መንገድ ይኑር። የዳታቤዙን ፋይል በቀጥታ ስትገለብጡ ግን ተጠንቀቁ፦ ደብሊው ኤ ኤል በሚባለው የአጻጻፍ ስልት የሚሠራ ዳታቤዝ የቅርብ ጊዜ ለውጦችን ከአጠገቡ ባለ ሌላ ፋይል ውስጥ ያቆያል። ዋናውን ብቻ ከገለበጣችሁ ቅጂው ይከፈታል፣ ደህናም ይመስላል፣ የመጨረሻዎቹ መዝገቦች ግን የሉበትም። ወይ ዳታቤዙን ዝጉትና ገልብጡ፣ ወይ «ቫኩም ኢንቱ» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቅማችሁ ሙሉ ቅጂ አስወጡ።

ደረጃ 10፦ ማሠቃየት

አሁን አፑን አሠቃዩት። 10,000 የውሸት መዝገብ የሚሞላ ትንሽ ኮድ ጽፋችሁ ዝርዝሩን በፍጥነት አንሸራትቱ። የስልኩን ፊደል መጠን እስከ መጨረሻው አሳድጉና ቅጹን ክፈቱ። የሰዓት ክልሉን ወደ ሌላ የዓለም ጫፍ ቀይሩና ቀነ ገደቦቹ እንዳልተነቃነቁ እዩ። 200 ፊደል ያለው ርዕስ አስገቡ። አንድሮይድ ላይ በዴቨሎፐር ቅንብሮች ውስጥ «አክቲቪቲዎችን አታቆይ» የሚል ማብሪያ አለ፤ አብርታችሁ ቅጹን ግማሽ ሙሉና ወደ ሌላ አፕ ሄዳችሁ ተመለሱ። ይህ ስክሪኑን ያጠፋል እንጂ አፑን በሙሉ አይገድልምና፣ ቀጥላችሁ አፑ ከጀርባ እያለ ከኮምፒውተር ላይ ገድላችሁት ያንኑ ድገሙ። ቅጹ ውስጥ የጻፋችሁት ርዕስ፣ ጠቋሚው ከነበረበት ፊልድ ጋር፣ በሁለቱም ጊዜ እዚያው ሊጠብቃችሁ ይገባል።